መሰብሰብና መበተን

ለመሆኑ አንድ ሰው የአንድን ደራሲ መጻሕፍት፣ አንዱም ሳይቀር፣ ለቅሞ ለመሰብሰብ ሲነሣ የሚፈልገው ምንድን ነው? ለማንበብ ነው እንዳንል፣ ለማንበብ ከሆነ ተውሶ አንብቦ መመለስ ይበቃው ነበር። ለዕውቀት ነው እንዳንል፣ ለዕውቀት የአንድ ሰው ስድስት መጻሕፍት ከሚሰበሰቡ የስድስት ሰዎች አንዳንድ መጽሐፍ ቢሰበሰብ ይሻላል። ለጌጥ ነው እንዳንል፣ በሸራና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተደረደረ መጽሐፍ ለማን ይታያል? ይህ ጥያቄ በአገር ቤት ባለመደርደሪያ ሰዎች ሻይ እየጠጡ የሚያነሡት ሊመስል ይችላል። እዚህ ሐርጌሳ በእኛ መካከል ግን ባለፉት ወራት ሰው የሚያኳርፍ ጥያቄ ሆኖአል። ስለዚህ በዚህች በእጅ በምትጻፍ መጽሔታችን ላይ ነገሩን ከኩርፊያ አውጥተን በሐሳብነቱ ልናየው ወደድን።

የኩርፊያው መነሻ የበዓሉ ግርማ መጻሕፍት ናቸው። የበዓሉን ስም ከመካከላችን የማያውቅ የለም፤ ስሙን ማወቅና ሰውየውን ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የመጻሕፍቱን ስምና የታተሙበትን ዓመት ለፈተና ሸምድደን ነበር። «ከአድማስ ባሻገር» 1962፣ «የህሊና ደወል» 1966፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» 1972፣ «ሀዲስ» እና «ኦሮማይ» 1975። ከዚያም በየካቲት 1976 ተሰወረ የምትል አንዲት መስመር ትከተላለች። ፈተናው አለፈ፤ እኛም አለፍን። እንዲህ ያለው ዝርዝር የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ይመስላል። የበዓሉ መቃብር የት እንደ ሆነ የማይታወቅ በመሆኑ፣ እንዲያውም ዝርዝሩ የድንጋዩን ቦታ ተክቶ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ የመቃብር ድንጋይ አንብቦ ከሰው ጋር ተዋወቅሁ የሚል ማን ነው?

ትውውቁ የመጣው እዚህ፣ በስደት ነው። ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት እናታችን ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ያስቀምጡ ነበር። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የዱቤ ሒሳብ ይጽፉበታል፤ ማን ሁለት ስኒ፣ ማን ሦስት ስኒ እንደ ጠጣ። ገለጥ አድርገን ስናይ አበራ ወርቁ የሚል ስም አገኘንና በፈተና የምናውቀው «ከአድማስ ባሻገር» መሆኑ ገባን። «እማማ፣ ያውሱን?» ብንላቸው፣ «ሒሳቤን እንዳታጠፉብኝ እንጂ ውሰዱት» አሉን። ሥዕል መሣል እየሻ እንጀራውና ኑሮው ሌላ መንገድ ያስያዘው የአንድ አዲስ አበባ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ስደተኛ አይደለም፤ ካገሩ፣ ከከተማው አልወጣም። ነገር ግን የሚኖረው ኑሮ የራሱ እንዳልሆነ የሚሰማው ሰው ስለሆነ፣ በእኛ ሰፈር ውስጥ ቢመጣ መንገድ ጠቋሚ አያሻውም።

አንዱን ያነበበ ሁለተኛውን መፈለጉ አይቀርም። «ደራሲው» በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃ ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ረዳት ዘንድ፣ ከወንበር ሥር፣ የጎማ መፍቻ ተጭኖበት ተገኘ። ባለታሪኩ ሲራክ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሕይወት የተቀዳ ነው እየተባለ ሲነገር የኖረ በመሆኑ፣ አንዳንዶቻችን የስብሐትንም እንሰብስብ ብለን ተነሥተን ነበር፤ አንድ በአንድ ይሁን ተባለና ተወ። «ሀዲስ» ከድሬዳዋ በመጣች እህታችን ሻንጣ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» መጨረሻው ተቀዶ፣ «ኦሮማይ» ደግሞ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በመርፌና በክር እንደ ተሰፋ እጃችን ገባ። የቀረው «የህሊና ደወል» ብቻ ነው። በአገር ቤት መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የሚሄደው ወደ መጽሐፍ ቤት ነው፤ እኛ የሄድነው ወደ ሰው ነው። አምስቱ መጻሕፍት በተገኙባቸው ወራት ከዚያ በፊት ሰላምታ ብቻ ከምንለዋወጣቸው ስንት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን አወራን! ይህን እንደ ትርፍ የማይቆጥር ሰብሳቢ ቢኖር እኛ አናውቀውም።

አምስቱም በአንድ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ሲቀመጡ ነው ሁለት ወገን የሆንነው። አንደኛው ወገን መጻሕፍቱ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጡ፣ ማንበብ የፈለገም እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ያንብብ ይላል። ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ከ«ደራሲው» ሁለት ቅጠሎች በሻይ ርሰው ተጣብቀዋል፤ የ«ሀዲስ»ን ጥግ ሕፃን ልጅ በጥርሱ በልቶታል፤ በጉ ዝናብ ጊዜ የማን ቤት እንደማያፈስ እናውቃለን። ይህን ሁሉ ደክመን ሰብስበን እንዲህ እንደ ዋዛ ከበተንነው ነገ ለሚያድጉት ልጆች ምን እናሳያለን? ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የ«ኦሮማይ» ክር ተፈትቶ መጽሐፉ በአምስት ክፍል ይከፈል፣ በአንድ ጊዜ አምስት ሰው ያንብበው፣ እየተዟዟረም በደብተር ይገልበጥ ባይ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከተራው በፊት ወረቀት ደርሶት ወይም ጉዞ ቀንቶት ካገር የሚሄድም አለ። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ መጽሐፍ ካልተጻፈ መጽሐፍ በምን ይሻላል? ይላሉ እነሱ። እኛ ከሁለተኛው ወገን መሆናችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ወገን ቆጣቢ፣ ንፉግ ብሎ መስደብ ነውር ነው። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ ጽፈው ሲጨርሱ፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን ብለው መጨረሻው ላይ የሚጽፉት ንፉግ ስለ ነበሩ አይደለም። አንዱን መጽሐፍ ለመጻፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፣ ስንት ወር እንደሚጎነበስ ስለሚያውቁ ነው። የእኛም የሳጥን ወገን የሚናገረው ከድካም ነው።

ነገር ግን ደራሲው በዓሉ ሲሆን፣ መጽሐፉም «ኦሮማይ» ሲሆን፣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ምስክር ነውና።

በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበረ፣ ከዚያ በፊትም በ«መነን»፣ በ«አዲስ ሪፖርተር»፣ በ«አዲስ ዘመን» እና በ«ሄራልድ» አዘጋጅነት የሠራ ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያውጅ እሱም ለዘመቻው ማስታወቂያ ሥራ አሥመራ ነበር። ያየውን በልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው። ርዕሱ አሥመራ ላይ ከጣልያንኛ ተወርሶ የቀረ ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይደረግ እንደ ማለት። መጽሐፉ በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከየሱቁ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ቀን ማታ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። መንግሥት መጽሐፉን ሰብስቦ ነበር። አዎን፣ ሰብስቦ! ከማናችንም ይልቅ የ«ኦሮማይ»ን ቅጂዎች በትጋት የለቀመ፣ በአንድ ቦታ ያከማቸ፣ ቁልፍ የቆለፈበት እሱ ነው። በአንጻሩ መጽሐፉን ያዳኑት የበተኑት ናቸው። ከመለቀሙ በፊት አንድ ቅጂ የደረሰው ሰው ለወዳጁ አዋሰ፤ ወዳጁ ሌሊት በእጁ ገለበጠ፤ ሌላው በታይፕ መታ፤ ሌላው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በፎቶ ኮፒ አባዛ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ስማቸው አይታወቅም፤ ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ግን ያውቁ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና በግላጭ ታተመ፤ በ2017 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን፣ በ1955 ታትሞ ሲከለከልም እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮአል። የስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ» እስኪታተም ድረስ ለብዙ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ነው የተነበበው። አማርኛ ሥነ ጽሑፋችን ከማተሚያ ቤቱ ጎን ለጎን ሌላ ማተሚያ ቤት ነበረው፤ እሱም የአንባቢው ክንድ ነው።

እንዲህ ስንል አንድ ታላቃችን፣ የሳጥኑ ወገን ናቸው፣ «ያ እኮ የክልከላ ዘመን ነው፤ ዛሬ ማን ከለከላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። መልካም ጥያቄ ነው። ክልከላ ከሌለ መበተን ምን ጽድቅ አለው? መልሱን ያገኘነው ከእንግድነታችን ከተማ ነው።

እዚህ ሐርጌሳ ላይ በግንቦት 1980 የተጀመረውን ጦርነት ከጎረቤቶቻችን ያልሰማ የለም። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከገዛ ከተማው አየር ማረፊያ ተነሥተው ከተማይቱን ደበደቧት። ዛሬ በመሐል ከተማ ለመታሰቢያ የቆመውን ሚግ አውሮፕላን ሁላችንም እናልፍበታለን። ያን ጊዜ የራዲዮ ሐርጌሳ የድምፅ ክምችት፣ ዘፈኑ፣ ግጥሙ፣ ቲያትሩ፣ አብሮ እንዳይጠፋ ካሴቱንና ክሩን ከአፈር ሥር የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ የሳጥኑ ወገን ድል ነው፤ አንክድም። ነገር ግን የሐድራዊና የጋሪዬ ግጥም በራዲዮ ክምችት ብቻ አልዳነም። በ1972 ገደማ «ዴሌይ» የተባለው የግጥም ሰንሰለት ተጀመረ፤ ጋሪዬ ከፈተው፣ ሐድራዊና ሌሎች ብዙ ገጣሚዎች እየተቀባበሉ መለሱለት። መንግሥት የማይወደው ግጥም ነበርና የሚያትመው አልነበረም። በካሴት ተቀርጾ፣ ካሴቱ በካሴት ላይ እየተባዛ፣ ከቤት ቤት ዞረ። ያ ዓመት በዓሉ «ደራሲው»ን ያወጣበት ዓመት መሆኑን ስናስብ ይገርመናል። በሁለቱ አገሮች መካከል የኦጋዴን ጦርነት ደም ገና አልደረቀም፤ በሁለቱም በኩል ግን ሰው ሌሊት ተቀምጦ የሚወደውን ቃል ለጎረቤቱ ያባዛ ነበር።

ከተማዋ ስትፈርስ ሕዝቧ ወዴት ሸሸ? ከጅጅጋ ማዶ ወዳለው ወደ ሐርተሼክ፣ ወደ እኛ አገር። ሐርተሼክ በዚያን ጊዜ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ እስከ 1996 ድረስ አልተዘጋም። ዛሬ ሻይ የሚሸጡልን፣ ቤት የሚያከራዩን ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በዚያ ድንኳን ያደሩ ናቸው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በየሰው እጅ የነበረው ካሴት እየተለቀመ ተመለሰ፤ ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ተሰብስቦ ይገኛል። መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ ሊሰበሰብ የቻለው ተበትኖ ስለ ነበር ነው። አንድ ቤት ቢቃጠል የሌላው ቤት ይተርፋል። ለመበተን የከልካይ መኖር ግዴታ አይደለም፤ እሳት መኖሩ፣ ጎርፍ መኖሩ፣ የእኛ የራሳችን ነገ የት እንደምናድር አለማወቅ ይበቃል። ሳጥኑን የሚጠብቀው ሰው ነገ ጉዞ ቢደርሰው ሳጥኑን ለማን ይተዋል?

ይህን በተመለከተ አብዛኞቻችን ተስማማን። ችግሩ የመጣው መገልበጥ ስንጀምር ነው፤ እሱም ካሰብነው በላይ የከበደ ሆነ።

«ኦሮማይ» የጦርነት መጽሐፍ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት በዚያ ዘመን አፍ፣ በዚያ ዘመን ስድብ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ መጠለያ ከአንድ መንደር አልመጣንም፤ ያ ስድብ አባቱን የሚነካበት ሰው አጠገባችን ይተኛል። ከገልባጮቻችን አንዱ፣ ቅን ሰው ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ከሁላችንም ያማረ ነው፣ ጥቂት ቃላትን ዝለል እያደረገ፣ አንዱንም በሌላ ለስላሳ ቃል እየተካ ሲገለብጥ ተገኘ። ሲጠየቅ፣ «ሰው በሰላም ይደር ብዬ ነው» አለ። እኛ ይህን ምክንያት እንደ ትንሽ ነገር አናየውም። ውኃ አብረው የሚቀዱ ሰዎች ሰላም ከአንድ ቃል አይበልጥም ብሎ በድፍረት የሚናገር፣ ውኃ ወረፋ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

ቢሆንም እንጠይቅ። መጽሐፉን የከለከለው ሹምም ሲጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ ይሰጥ ነበርን? ለሕዝብ ሰላም፣ ለአብዮቱ ደኅንነት ነበር የሚለው። ሹሙ መጽሐፉን በሙሉ ወሰደ፤ ወንድማችን ጥቂት ቃል ወሰደ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ሹሙ የሚያስፈራራበት እስር ቤት አለው፣ ወንድማችን ግን ያለው እስክሪብቶ ብቻ ነው። ሆኖም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም አንባቢው ሊሸከመው የሚችለውን ከአንባቢው ይልቅ እኛ እናውቃለን ብለዋል። ከዚህም ሌላ ለስላሳው ቃል በበዓሉ ስም ሊነበብ ነው። ሰውየው ስለዚያ መጽሐፍ በሕይወቱ ከፍሎአል። ሌላ ሰው የጻፈለትን ቃል በስሙ ማስነገር፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ ያላለውን ኑዛዜ እንደ ማንበብ ነው።

እዚህ ላይ የሶማሌዎች ልማድ ፍርዱን ቀላል አደረገልን። ቋንቋቸው በ1965 ገደማ የራሱን የጽሕፈት ሥርዓት ከማግኘቱ በፊት ግጥማቸው የሚተላለፈው በቃል ያዢዎች ነበር። ቃል ያዢው ሁለት ግዴታ አለበት። የሌላውን ግጥም ከማሰማቱ በፊት የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ከዚያም የገጣሚውን ቃል ሳያሻሽል፣ ሳያሳምር፣ እንዳለ ያሰማል። ወረቀት የሌለው ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘው የእኛ ገልባጭ ምን ምክንያት ይኖረዋል? ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ የደራሲው ስም ይጻፋል፤ ቃሉ አይነካም። አንባቢን ሊያቆስል የሚችል ቃል ሲገኝ ገልባጩ ከኅዳጉ ላይ የራሱን ሐሳብ ሊጽፍ ይችላል፤ የራሱ መሆኑም እንዲታወቅ በሌላ ቀለም ይጽፋል። አባቶቻችንም በብራናው ኅዳግ ላይ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ወንድማችን በዚህ ተስማምቶ የዘለላቸውን ቃላት መልሶ አስገባ። ከኅዳጉ ላይ የጻፋቸው ማስታወሻዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረጅምና ጠበኛ ናቸው፤ ግን የእሱ ናቸው።

ሌላም ጥያቄ ተነሥቶአል፤ ያነሡት ወጣቶቹ ናቸው። የበዓሉ መጻሕፍት በስልክ ላይ በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ ይህን ሁሉ መገልበጥ ምን አደከማችሁ? ይላሉ። በመጀመሪያ ነገር ስልክ ያለው፣ ስልኩንም የሚሞላበት መብራት ያለው ሁሉም ሰው አይደለም። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከድካሙ ሊበላ፣ እሱ ከሌለም ቤተሰቡ ሊበላ ይገባል። በአገራችን በ1996 የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የበዓሉን ከመቼ ጀምረን እንቆጥራለን? የሞተበትን ቀን የነገረን የለም። ከተሰወረበት ከየካቲት 1976 ብንነሣ እንኳ እስከ 2026 ድረስ ቤተሰቡ ባለመብት ነው። እንግዲህ በደርግ ዘመን «ኦሮማይ»ን ያባዛው ሰው ከአፋኙ እጅ ነጠቀ እንጂ ከበዓሉ ልጆች አፍ አልነጠቀም፤ ዛሬ መግዛት እየቻለ በስልኩ የሚያባዛው ሰው ግን ከማን ይነጥቃል? ሥራው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዘመኑ ሲለወጥ ግብሩም ይለወጣል።

እኛስ? እኛም እንገለብጣለንና ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም። ያደረግነው ይህ ነው። በደብተር የተገለበጠው አይሸጥም፤ አይከራይም፤ ከመጠለያው አይወጣም። ከመካከላችን ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ ኑሮ የቀናው ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የበዓሉን አንድ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ቤት ገዝቶ ይላክልን ብለን ቃል አስገብተናል። ይህ በሕግ ፊት በቂ ነው አንልም። በኅሊና ፊት ግን ዕዳ መሆኑን አምኖ መዋስና ዕዳ የለብኝም ብሎ መውሰድ አንድ አይደሉም፤ የቡናዋ እናታችን የዱቤ መዝገብ ይህንኑ ያስተምራል።

ስለ ጎደለው መጽሐፍ ጥቂት እንበል። «የህሊና ደወል» እንደሌለን ተናግረናል። አንዳንዱ ሰው ባይኖርስ? ይላል፤ በዓሉ ራሱ ያንኑ ታሪክ አስፍቶ በ1975 «ሀዲስ» ብሎ አውጥቶት የለምን? እውነት ነው። ወደ ኢሉባቦር ገጠር ለማስተማር የሄደው ወጣት ሀዲስ ሳህሌ በሁለቱም አለ። እኛ መምህራን የነበርን ሰዎች ይህን ባለታሪክ የምናነበው እንደ ሌላው አንባቢ አይደለም፤ ትምህርት ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት እንዲቆም የሚታገል ሰው ከእኛ ጋር በዚህ ሰፈር ጥቁር ሰሌዳ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደ ጠና ያውቃል። ታዲያ ደራሲው ራሱ አሻሽሎ የተካውን የቀድሞውን መፈለግ ምንድን ነው? የሰውን አሮጌ ልብስ ከጓዳው እንደ ማውጣት አይሆንምን?

በዚህ ላይ ብዙ አሰላስለናል፤ ሐሳባችን አይሆንም የሚል ነው። ገልባጩ የሰውን ቃል ሲለውጥ በደል ነው፤ ደራሲው የራሱን ቃል ሲለውጥ ግን ሥራው ነው፤ ያን ሥራ ማየት የሚቻለው ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲገኙ ብቻ ነው። አንደኛው የተጻፈው ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ ነው፤ ሁለተኛው ከአብዮቱ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። በመካከል ያለው ስንት ነገር ነው! አንድ ሰው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ አንድ የገጠር መምህር ምን ሐሳብ ለወጠ? ምኑን ተወ? ምኑን ጨመረ? ይህን ማወቅ ስለ በዓሉ ኅሊና ከማናቸውም የሕይወት ታሪክ የበለጠ ይነግረናል ብለን እናምናለን።

ነገር ግን መፈለጋችን ለዚህ ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እንደልላለን። ስድስት ከስድስት ማየት አምሮናል። ከቤታችን ስንወጣ ሁሉን ጎዶሎ አድርገን ነው የወጣነው፤ ትምህርታችን ጎዶሎ፣ ቤተሰባችን ጎዶሎ፣ የሥራ ልምዳችን ማስረጃ አንድ ገጽ የሌለው። እንዲህ የሆነ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሞልቶ ማየት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ሰብሳቢ የሚያደርገን ምናልባት ይህ ነው፤ በመግቢያው ላይ የጠየቅነውን ጥያቄ የሚመልስልን ሌላ አላገኘንም። ይሁንና «ሞላ» የሚለው ቃል ለበዓሉ ሲሆን አፋችንን ይቆጠቁጠናል። መጻሕፍቱ ስድስት የሆኑት ሰውየው ስድስት ብቻ መጻፍ ስለ ፈለገ አይደለም። በአሥራ ሦስት ዓመት ስድስት የጻፈ ሰው ዕድሜ ቢያገኝ ስንት በጻፈ ነበር? ቁጥሩን የወሰነው በዚያ ማታ መንገድ ላይ የጠበቀው እጅ ነው። ስድስተኛውን አግኝተን ስብስባችን ሞላ ብለን ስንደሰት፣ ያ እጅ በወሰነው ልክ መደሰታችን ነው። ስለዚህ «የህሊና ደወል» ቢገኝ እንኳ ካርቶኑ ላይ «ሙሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ብለን ጓደኞቻችንን ለምነናል። የሳጥኑ ወገኖች በዚህ ነጥብ ከእኛ ቀድመው ተስማሙ፤ ታላቃችን እንዲያውም አንድ ባዶ ደብተር አብሮ ይቀመጥ አሉ። ተቀመጠ።

ለጊዜው የ«ኦሮማይ» ክር ተፈትቶ አምስቱም ክፍሎች ዙር ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው ክፍል በሁለት ደብተር ተገልብጦ አልቆአል፤ አራተኛውን የያዘ ሰው ከዐሥር ቀን በላይ ስላቆየው ያስተላልፍ። «ከአድማስ ባሻገር» ለቡናዋ እናታችን ከነሒሳባቸው ተመልሶአል፤ ማንበብ የፈለገ እሳቸው ዘንድ ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ያንብብ። «የህሊና ደወል»ን በሻንጣው የያዘ፣ ወይም ቶጎ ውጫሌ፣ ጅጅጋ ወይም ድሬዳዋ ላይ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይንገረን። የ«የቀይ ኮከብ ጥሪ» የመጨረሻ ቅጠሎችም እየተፈለጉ ናቸው። መጽሐፉን በአገር ቤት ያነበበ ሰው ካለ ግን መጨረሻውን በቃል አይንገረን፤ ቅጠሎቹ እስኪገኙ እንጠብቃለን።